ክለቡ የወረደበት ሰው

ማንም የማያውቀውን ክለብ የሚደግፍ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አጋጥሞኛል። አለማየሁ ይባላል፤ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ አብረን ታክሲ እንነዳ ነበር። ሁላችንም እግር ኳስ ስናይ፣ እሱ ሰሜን እንግሊዝ ያለ አንድ የራግቢ ሊግ ክለብ መረጠ። ለምን? «እናንተ አሸናፊ ፈልጋችሁ ነው፤ እኔ ደጋፊ ያጣ ክለብ ነው የፈለግሁት» ይላል። ክለቡም አላሳፈረውም፤ ዓመቱን ሙሉ ሲሸነፍ ከረመ። አለማየሁም ሽንፈቱን በየሳምንቱ፣ በቁም ነገር፣ ሳንጠይቀው ያስረዳን ነበር።

በመጨረሻው ጨዋታ ተሸንፎ ወደ ታችኛው ሊግ ሲወርድ፣ አለማየሁ ሥራ የሚመድብልንን ዲስፓቸር ኮል አድርጎ «ሐዘን ላይ ነኝ፤ ዛሬ አልሠራም» አለ። ወሬው ሐበሻ የሚበዛበት ሲልቨር ስፕሪንግ ለመድረስ አንድ ሰዓት አልፈጀበትም። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ እኛ ወንዶቹ ምግብ ተሸክመን ቤቱ ደረስን።

ባለፈው ዓመት ባላቸውን የቀበሩት እማማ ብርቄ ገና ከበሩ እንባቸው መጣ። አጠገቡ ተቀመጡና፣ «ማን ነው የሞተብህ፣ ልጄ?» አሉት።

«ክለቤ ነው፣ እማማ። ወረደብኝ።»

እኔ መሳቅ አልደፈርኩም፤ ምስር ወጡን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ።

«ተመልሶ ይመጣል?» አሉ እማማ ብርቄ።

«ካሸነፈ በዓመቱ ይመለሳል።»

እማማ እንባቸውን ጠረጉ። ትንሽ አሰቡና፣ «ታድለሃል» አሉት።

አለማየሁ ተነስቶ ቴሌቪዥኑን አጠፋና እጃቸውን አስታጠባቸው።