ላለመሥራት የማለው ተመራጭ

ፖለቲከኛ ቃሉን አይጠብቅም እያለ የሚያማርር ሰው ሲያጋጥመኝ ዝም ብዬ አዳምጠዋለሁ። በልቤ ግን እቀናበታለሁ። ቃል የገባለት ሰው ረስቶታል ማለት ነው፤ ከዚህ የበለጠ ምን ሰላም አለ? እኔን የሚያስፈራኝ የማይረሳው ነው። ወንበሩ ላይ ገና ተደላድሎ ሳይቀመጥ እጅጌውን ሰብስቦ፣ መሐንዲስ አስከትሎ፣ "ቃል በገባሁት መሠረት" እያለ የሚመጣው። መንግሥት አያስፈልግም የምል እንዳይመስላችሁ። የመቻራን መንገድ ማን ይጠግናል? ሌባውን ማን ይይዝልናል? እኔ የምለው መንግሥት የራሱን ሥራ ይሥራ፣ የእኛን ለእኛ ይተውልን ነው። ቀላል ይመስላል አይደል? እኛ የጭሮ ከተማ ሰዎች ግን ይህችን ለማግኘት ብዙ ደክመናል።

ከጨርቅ ሱቄ ፊት ለፊት አንድ ትልቅ ዋርካ አለ። ከሥሩ ሴቶች ጫት ይሸጣሉ። ከገለምሶ በኩል በጠዋት የሚመጣውን ጫት በእርጥብ ጆንያ ሸፍነው፣ አልፎ አልፎ ውኃ እየረጩ ይውላሉ። ጫት ሙቀት አይወድም፤ አንዴ ከጠወለገ ገዢው ዘወር ብሎም አያየው። ስለዚህ ያ ጥላ ለሴቶቹ ሱቃቸውም መጋዘናቸውም ነው። ከመካከላቸው በዕድሜ ትልቋ አዴ ዘይነባ ናቸው፤ እናት የምታህለንን ሴት እኛ ዘንድ "አዴ" እንላታለን። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ልጆቻቸውን ያሳደጉት እዚያ ተቀምጠው ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ሹም እነዚህን ሴቶች አዩና አዘኑ። መከራው የጀመረው እዚህ ላይ ነው። ሹም ሲያዝንላችሁ ተጠንቀቁ። "እናቶቻችን ከእንግዲህ መሬት ላይ አይቀመጡም" ብለው ተናገሩ፤ ተጨበጨበላቸው፤ እኔም አጨብጭቤያለሁ። ሰውየው ቃላቸውን ጠበቁ። ከገበያው ወጣ ብሎ ጣሪያውም ግድግዳውም ቆርቆሮ የሆነ ሼድ ተሠራ። እስከ ረፋድ ድረስ ግሩም ሼድ ነበር። ከረፋድ በኋላ ዳቦ ይጋገርበታል። ጫቱ ይጠወልጋል፣ ገዢ አይመጣም፣ ሴቶቹ በላብ ተጠምቀው ይውላሉ። ወደ ዋርካቸው ሲመለሱ ደግሞ ደንብ አስከባሪዎች ያሯሩጧቸዋል።

አንድ ቀን አዴ ዘይነባ እኔ በር ላይ አረፍ ብለው፣ "እኔ ለዚህ ሰውዬ ምንም አላደረግኩትም እኮ" አሉኝ። "ለምንድን ነው የረዳኝ?"

ልስቅ ስል ፊታቸውን አየሁና ተውኩት። እንባ አቅርረው ነበር። ንግዱን ትተው አሰቦት የተዳረችው ልጃቸው ዘንድ ሊጠጉ እያሰቡ ነበር፤ በሰው ቤት ማርጀትን ደግሞ ከሞት አስበልጠው ይፈሩታል።

ደግነቱ ሹሙ ወደ ሌላ ከተማ ተዛወሩ። እዚያ ለማን እንዳዘኑ እንጃ። ደንብ አስከባሪዎቹም ማሯሯጡ ሰለቻቸው፤ ሴቶቹ አንድ በአንድ ወደ ጥላቸው ተመለሱ። ሼዱን ፍየሎች ወረሱት። እነሱም ቢሆኑ ረፋድ ላይ ጥለውት ይወጣሉ።

ከዚያ ምርጫ መጣ። ከድር የሚባል የሰፈራችን ልጅ፣ ቁመናው ያማረ፣ አንደበቱ የተባ፣ ዋርካው ሥር ማይክራፎን ይዞ ቆመ። "ዘመናዊ የገበያ ማዕከል" ሲል ሴቶቹ ተያዩ። አዴ ዘይነባ እጃቸውን አወጡ።

"ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣ የምትሠራውን ሰማን። የማትሠራውንስ መቼ ትነግረናለህ?"

"አልገባኝም አዴ፤ ምን ማለትዎ ነው?"

"ከዚህ ጥላ ላታነሣን ማልልን። ሌላውን ሠራህም አልሠራህም አንቀየምህም።"

ከድር ሳቀ። ሴቶቹ እንዳልሳቁ ሲያይ ምክንያቱን ጠየቀ፤ የሼዱን ታሪክ እየተቀባበሉ ነገሩት። ማይክራፎኑን ከአፉ አራቀና፣ "ወላሂ፣ ማንም አያነሣችሁም" አለ። በዚያን ቀን ከተናገረው ሁሉ ያለ ድምፅ ማጉያ ያለው ይህንኑ ብቻ ነበር፤ ከልብ የተጨበጨበለትም ለዚሁ ነው።

ተመረጠ፤ ሥልጣንም አገኘ። ልንገራችሁ፣ ልጁ መሐላውን ጠበቀ። አንድ ባለሀብት ዋርካውን አስቆርጦ ፎቅ ሊያቆም ቢጠይቀው "ምያለሁ" ብሎ እንደመለሰው ሰምተናል። አዴ ዘይነባ ንግዳቸው ቀና፤ የአሰቦትን ነገር ማንሣት ተዉ። እኔም ስለ ፖለቲከኞች ያለኝን አስተያየት ላሻሽል ምንም አልቀረኝም ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ሱቄን ስከፍት ዋርካው ሪባን ታስሮበት አገኘሁት። ድንኳን ይተከላል፣ ወንበር ይደረደራል። ምንድን ነው ብዬ ብጠይቅ "እናቶቻችን ከቦታቸው ያለመነሣታቸው በዓል ነው" አሉኝ። ለእንግዶቹ ወንበር ቦታ ጠፋና ሴቶቹ ለዛሬ ብቻ ተብለው ተነሡ። ፀሐይ ላይ፣ አስፋልቱ ዳር ተደረደሩ። ንግግሩ ረዘመ። ስላለመነሣት ይህን ያህል የሚባል ነገር መኖሩን እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር። እንግዶቹ ምሳ ሲጠሩ የቀኑ ጫት ሁሉ ጠውልጎ ነበር።

ከድር ሪባኑን ቆርጦ ሲዞር አዴ ዘይነባ የደረቀውን ጫት ይዘው ቆመዋል። አየው፤ ገባው። ፊቱ ሲቀላ ከሱቄ ሆኜ አይቼዋለሁ።

"አዴ፣ አፉ ይበሉኝ" አላቸው። "አሁን ምን ላድርግልዎት?"

"እንዲህ ብለህ መጠየቁን ተው ልጄ" አሉት ለስለስ ብለው። "መሐላህን ጠብቀሃል፤ አላህ ይስጥህ። ና፣ ተቀመጥ፤ ደክሞሃል።"

ጆንያቸውን ጥላው ሥር አነጠፉለት። ከድር በሙሉ ልብሱ ከአጠገባቸው መሬት ተቀመጠ። ማይክራፎን የለ፣ መሐንዲስ የለ፤ ረዘም ላለ ጊዜ ምንም ሳያደርግ ቆየ።

እውነት ለመናገር፣ ያምርበት ነበር።