ቦታዬን የበቆሎ ጆንያ ወሰደው

ወገን፣ ዛሬ የሆንኩትን ስነግራችሁ ስልኩ ከእጃችሁ እንዳይወድቅ፣ መጀመሪያ ቁጭ በሉ።

ዛሬ በበቆሎ ተተካሁ።

አዎ፣ በበቆሎ! ጋምቤላ አውሮፕላን ማረፊያ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሁሉ ቆሞ እያየ።

ለማታውቁኝ፣ ኦኬሎ እባላለሁ። ፑኝዶ ተወልጄ ጋምቤላ ከተማ ያደግኩ የአውሮፕላን ቴክኒሻን ነኝ። የትልልቆቹ እንዳይመስላችሁ። እዚህ አብያተ ክርስቲያናት በጋራ የገዟት አንዲት ባለ አንድ ሞተር ትንሽ አውሮፕላን አለች። ክረምት ላይ መንገዱን ውሃ ሲውጠው፣ ሩቅ ላሉት መንደሮች መምህሩንም መድኃኒቱንም እህሉንም የምታደርሰው እሷ ናት። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ የያዝኳት እኔ ነኝ።

በዕድሜ ትበልጠኛለች። ሰዎች "አሮጊቷ" ሲሏት ደሜ ይፈላል። እኔ ስላት ግን ሌላ ነው፣ የቤተሰብ ነው።

ያረጀች አውሮፕላን መያዝ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ? ዘይት በቀየርኩ ቁጥር አሮጌውን ማጣሪያ ቀድጄ የብረት ስብርባሪ እንዳለበት በባትሪ አያለሁ። በዓመት አንዴ ወንበሯን፣ ወለሏን፣ ሽፋኗን ሁሉ ነቅዬ መሬት ላይ ዘርግቼ ብሎኗን አንድ በአንድ እመረምራለሁ። የእኛ አገር ተርብ ደግሞ ክፍት ቱቦ ካየ የጭቃ ቤቱን ይሠራል። ስለዚህ የፍጥነት መለኪያዋን ቱቦ ቆማ ስትውል በካልሲ እሸፍነዋለሁ።

በራሴ ካልሲ። ባለቤቴ አሪየት አንዱ እግር ብቻ የት እንደሚጠፋ ለዓመታት ግራ ገብቷት ኖራለች።

ወደ ጉዴ ልመለስ።

ካለፈው ክረምት ወዲህ ፓይለታችን ካፒቴን ሳሙኤል "አልነሳ እያለች ነው" ማለት ጀመረ። ሁልጊዜ ግን አይደለም። ቅርብ ስትሄድ ደህና ናት። በአኮቦ ወንዝ በኩል ወዳለችው መንደር፣ ማረፊያዋ አጭር የሣር ሜዳ ወደሆነችው ስትሄድ ግን ትከብዳለች። ከዚያ ስትመለስ ሜዳው ሊያልቅ ሲል ነው የምትነሳው።

እኔ ምን አላደረግኩም! ሞተሯን ፈታሁ። ካንዴላዎቿን ቀየርኩ። የሲሊንደሮቿን ግፊት ለካሁ፣ ጤነኛ ነው። ያበጠ ቀለሟን ፋቅኩላት። ከመንገደኛም ተጣላሁ! አንድ ዲያቆን አምስት ኪሎ ትርፍ የመዝሙር መጽሐፍ ይዞ ቢመጣ፣ ለደህንነት ነው ብዬ መሬት ላይ አስቀረሁበት።

ምንም ለውጥ የለም። በመጨረሻ የአብያተ ክርስቲያናቱ ኮሚቴ ቆረጠ። ዛሬ ትፈተናለች። ሙሉ ጭነቷን ይዛ፣ ራንዌዩ ዳር ከሚቀመጠው ቢጫ ጀሪካን በፊት ከመሬት ከተነሳች ትቆያለች። ካልተነሳች ትሸጣለች።

የሚገዛት ሰውዬ ደግሞ ሊያበራት አይደለም። ለመለዋወጫ ሊፈታታት ነው።

ሊፈታታት! ይህን ከሰማሁ ወዲህ እህል አልወረደልኝም ብላችሁ ያምርብኝ ነበር። ግን ወርዷል። ችግሩም እሱ ነው፣ አሁን ትደርሱበታላችሁ።

ጠዋት ትልቁ የመንገደኛ አውሮፕላን ከሄደ በኋላ ጀመርን። ማማ ኛኮንግ ወደዚያች መንደር የሚሄደውን የበቆሎ ጆንያ አንድ በአንድ መዘነች። ማማ ኛኮንግ መዛኛችን ናት። የእኛ ትንሿ አውሮፕላን ላይ የሚወጣ ሰው ሁሉ ከነሻንጣው፣ ሰው ፊት፣ ሚዛን ላይ ይቆማል። ፓስተርም ቢሆን፣ አማትም ቢሆን። እሷ ደግሞ ቁጥሩን ጮክ ብላ ነው የምታነበው።

ከሚዛኑ የሚያመልጥ የለም። ከቴክኒሻኑ በቀር።

ቴክኒሻን መንገደኛ አይደለማ! የእኔ ኪሎ ከነመሣሪያ ሳጥኔ ሥራ የጀመርኩ ሰሞን የጭነት መመዝገቢያው ወረቀት ላይ ተጽፏል፤ በአንድ ላይ ሰባ አምስት። ሩቅ ስትሄድ ብትበላሽስ ብዬ እዚያች መንደር አብሬያት ሳልሄድ ቀርቼ አላውቅም።

አንዳንዶቻችሁ አሁኑኑ ገብቷችኋል አይደል? እኔ አልገባኝም ነበር።

ካፒቴኑ ተቀመጠ፣ እኔ ከጎኑ፣ ጆንያው ከኋላ። ነዳጅ ሰጣት። ሮጠች። ጀሪካኑ መጣ። ጀሪካኑ አለፈ። እኛ አሁንም መሬት ላይ ነን።

ካፒቴኑ ፍሬን ይዞ ቀስ ብሎ መለሳት። እኔ ከፊቴ ያለውን ሰሌዳ እየዳበስኩ "አይዞሽ" እላታለሁ። እንባዬ መጥቶ ነበር፣ ምን እደብቃችኋለሁ።

ወርጄ ለኮሚቴው ሰብሳቢ ለፓስተር ቾል ንግግር ጀመርኩ። ሞተሯ ጤነኛ ነው፣ አንድ ወር ብቻ ስጡኝ፣ እኔ አውቃታለሁ እያልኩ። ፓስተሩ አንገቱን ደፍቶ ይሰማኛል። ማማ ኛኮንግ ግን አትሰማኝም። እሷ የምታየው ጎማውን ነው። ለካ እኔ ስወርድ አውሮፕላኗ ሸክም እንደወረደለት ሰው ብድግ ብላለች።

"ኦኬሎ ልጄ" አለችኝ፣ "አንተ ሚዛን ላይ የወጣኸው መቼ ነው?"

"ማማ፣ እኔ እኮ መንገደኛ አይደለሁም።"

"ይህን አውሮፕላኗ ታውቃለች?"

ሚዛኑን ጎትታ እግሬ ሥር አመጣችው። ጫማዬን ላውልቅ ብላት አይሆንም አለች። ስትበር በጫማ አይደል የምትሄደው አለችኝ።

ዘጠና ሦስት!

ጮክ ብላ ነው ያነበበችው፣ እንደ ልማዷ። የትልቁ አውሮፕላን ዕቃ ጫኞች ሳይቀሩ ዞረው አዩኝ። ወረቀቱ ላይ ያለው ስልሳ ስድስት ነው። ስልሳ ስድስት የነበርኩት ገና ሳላገባ ነው።

ሳጥኑንም አምጣ አለች። ዘጠኝ ኪሎ ተብሎ የተጻፈው ሳጥን ሠላሳ አራት መዘነ። ክፈተው ተባልኩ፣ ከፈትኩት። ቁልፎች፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ እሺ። ከሥሩ ግን የተቀየረ ካርበሬተር አለ። ሁለት ክሪክ አለ። በመጀመሪያው ዓመት የቀየርኩላት የፍሬን ዲስክ አለ። ፓስተር ቾል ይህ ሁሉ የተበላ ብረት ምን ይሠራልሃል አለኝ። የእሷ ስለሆነ መጣል አቅቶኝ ነው ልበለው? እሱኑ አልኩት።

ሲደመር ሃምሳ ሁለት ኪሎ ትርፍ። ወረቀት ላይ የሌለ አንድ ሙሉ ሰው ይዘን ስንበር ከርመናል ማለት ነው።

ሁሉም ሳቀ። ካፒቴን ሳሙኤል ብቻ አልሳቀም። ወደ ጎን ወሰደኝና ቀስ ብሎ "ኦኬሎ፣ ከኋላችን እኮ ሰዎች ነበሩ" አለኝ።

ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። የዲያቆኑን አምስት ኪሎ መጽሐፍ ለደህንነት ብዬ ያስቀረሁ ሰው፣ አደጋው ራሴ ነበርኩ። እግዚአብሔር ጠብቆናል እንጂ እኔ አልጠበቅኳቸውም። አፈርኩ፣ ከልቤ አፈርኩ።

ከዚያ ነው እንግዲህ የተተካሁት።

ማማ ኛኮንግ ልክ ሰባ አምስት ኪሎ በቆሎ መዝና በአንድ ጆንያ አስሞላች። ካፒቴኑ መሪውን እንዳይነካበት ወንበሬን ወደ ኋላ ስቦ ጆንያውን አስቀመጠው፣ በገመድ አሰረው፣ ከላይ ቀበቶዬን ሊያደርግለት ሞከረ። ቀበቶው ሰፋበት። ለበቆሎው ማጥበብ አስፈለገ!

ሮጠች። ጀሪካኑ ጋ ገና ብዙ ሲቀራት ተነሳች።

አፍንጫዋን ቀና አድርጋ፣ ቀለል ብላ፣ ከዛፎቹ በላይ ዞራ መጣች። ሳል የላት፣ ማቃሰት የላት። ፓስተር ቾል ትከሻዬን ይዞ "አትሸጥም" አለኝ። ወገን፣ በቱታዬ እጅጌ ነው ፊቴን የጠረግኩት።

ኮሚቴው እንደተነሳ፣ ከኋላው ጆንያ በኪሎዋ ልክ ተቀንሶ አንዲት መምህርት ተሳፈረች። ፈተናው አልቆ አሮጊቷ ወደዚያች መንደር ልትበር ነው። እኔም በልማዴ ሳጥኔን አነሳሁ። ካፒቴኑ በእጁ አቆመኝ።

"ብትበላሽስ?" አልኩት።

"አሥራ አራት ዓመት አብረሃት ሄደሃል። እዚያ ሄዳ ስንቴ ተበላሸች?"

አሰብኩ። አንዴ። እሱም ጎማ ነው።

ሄዱ። ወደዚያች መንደር ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ እኔ ሄደች። እኔ ሳጥኔ ላይ ተቀምጬ ሰማይ ሳይ ዋልኩ። ብሶቴን ላሰማ አሪየት ጋ ደወልኩና ዘጠና ሦስት ኪሎ አሉኝ፣ ሚዛኑ ሳይበላሽ አይቀርም፣ ቱታዬ እንኳ እስከ ዛሬ ልኬ ነው አልኳት።

ሳቀችብኝ።

ለካ በየዓመቱ ጎንና ጎኑን እየተረተረች፣ ያንኑ ቀለም ጨርቅ እየፈለገች፣ ሳልሰማ ትጨምርበት ኖሯል! ለምን አልነገርሽኝም አልኳት።

"ጠዋት ለብሰኸው ወደ እሷ ስትሄድ ደስ ይልሃላ" አለችኝ።

እኔ የአሮጊቷን ያረጀ ቦታ ለማንም ሳላወራ ቀስ ብዬ እጠግናለሁ። እኔንም ቀስ ብሎ የሚጠግነኝ ሰው እቤቴ እንዳለ ግን አላውቅም ነበር።

አሥር ሰዓት ላይ አሮጊቷ መጣች። ሮጬ ሄጄ ዘይቷን አየሁ፣ ጎማዋን ዳሰስኩ፣ ሆዷ ሥር ተንበርክኬ ፈለግኩ። አንድ ጠብታ እንኳ የለም። ያለ እኔ ሄዳ፣ ያለ እኔ በደህና ተመለሰች። አሥራ አራት ዓመት የለፋሁት ለዚህ አይደል? ታዲያ ምንድን ነው የከፋኝ?

ማማ ኛኮንግ ፈርዳለች። ትክክለኛው ኪሎዬ ወረቀቱ ላይ ገብቷል፣ ከእንግዲህ እንደማንኛውም መንገደኛ ተሰልፌ እመዘናለሁ፣ ቀለል ብዬ ስመጣ ወንበሬ ይሰጠኛል። ሳጥኑን ዘጠኝ ኪሎ አድርሼዋለሁ፣ እያዘንኩ። የቀረው እኔ ነኝ።

እቀንሳለሁ። ለአሮጊቷ ስል እቀንሳለሁ! ለሚስቴ ብዬ ግን አንድ ኪሎ ቀንሼ ስለማላውቅ፣ አደራ፣ አሪየትን ታግ እንዳታደርጓት።

ቆይ ቆይ።

የመጀመሪያው ኮመንት የእሷ ነው። "ሁለት ዓሣ ጠብሼልሃለሁ፣ ሳይቀዘቅዝ ና" ትላለች።

ሁለት! ወገን፣ ምን ብዬ ልመልስላት?