ባለ ሁለት ባትሪው አማች

ሰው ከቤቱ ወጥቶ ሜዳ ላይ ሊያድር ሲነሣ አይታችሁት ታውቃላችሁ? መጀመሪያ «ምንም አልይዝም፤ ጋቢዬ ትበቃኛለች» ይላል። ጋቢዋ ፍራሽ ትጠራለች፣ ፍራሹ አልጋ ይጠራል፣ አልጋው ደግሞ ዝናብ ያስፈራውና ጣሪያ ያምረዋል። ጣሪያ ካለ ጨለማ አለ፤ ጨለማ ካለ መብራት ሊኖር ነው። በመጨረሻ ያ ጋቢ ብቻ የሚበቃው ሰው ቤቱን ከነኮተቱ ጎማ ላይ ጭኖ «ከቤት መውጣት እንዴት ይገላግላል!» እያለ ሲነዳ ታገኙታላችሁ። በእንዲህ ያለው ሰው ስስቅ የኖርኩ ነኝ። አሁን ግን ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው የምስቀው፤ ጎማ ላይ ከወጡት ቤቶች የአንዱን ጣሪያ የሰፋሁት እኔው ነኝና።

ጊዜው የጃንሆይ ነው፤ በነቀምት መብራት ሲመሽ መጥቶ ሰው ሳይጠግበው የሚሄድበት ዘመን። እኔ ገበያው ዳር ልብስ እሰፋ ነበር። የስፌት መኪናዬ በእግር የምትረገጥ ስለሆነች መብራት መጣ ሄደ ግድ አልነበራትም። ጎረቤቴ ቶሎሳ መኪና ጠጋኝ ነው፤ አንድ አሮጌ ጂፕ ነበረችው፤ አንዲት ጫልቱ የምትባል ሚስትም ነበረችው። ጂፕዋን ገዝቷት ነው። ጫልቱን ግን ጃርሶሊ፣ ማለት ሽማግሌዎቹ፣ ነገሩን ገና ሲያላምጡት ከአርጆ አስኮብልሎ ያመጣት ነበር። አባትዋ ኦቦ ደበላ፣ የአርጆው ባለ ወፍጮ፣ በነዚያው ሽማግሌዎች ፊት ተነሥተው «እኔና ያ ልጅ በአንድ ጣሪያ ሥር አናድርም!» ብለው ማሉ። መሐላ ደግሞ በዚያ አገር እንደ ሸሚዝ ተወልቆ የሚሰቀል ነገር አይደለም።

ጫልቱ አረገዘች። የመጀመሪያ ልጅ እናት ቤት ነው የሚወለደው፤ ወጉ ነው። «ያለ እናቴ አልወልድም፤ ያለ አንተም አልሄድም» አለችው። ቶሎሳ ሰንብቶ ሱቄ መጣና «መላውን አገኘሁት፤ የራሴን ጣሪያ ይዤ እሄዳለሁ» አለኝ። ከወታደር ዕቃ የተረፈ ተጎታች ገዛ፣ በሳንቃ ገጠገጠው፣ አልጋ ሠራበት። እኔም ሸራውን ሰፋሁለት፤ ዝናብ እንዳያሳልፍ ሰም አጠጣሁት። እንግዲህ ሁሉንም ያመጣው ይኸው ሰም ነው። ሰም የጠጣ ሸራ ሥር ፋኖስ የሚያበራ ሰው ዕድሜ ያስጠላው ሰው ነው። ስለዚህ የኤሌክትሪክ መብራት ሊኖረው ግድ ሆነ።

አንድ ሰው ባትሪ ሊመርጥ መሆኑ በነቀምት ከተሰማ ዝም የሚል የለም። መሪ ነክቶ የማያውቀው ሁሉ አዋቂ ሆነ። አንዱ የራዲዮ ድንጋይ ይሻላል አለ፤ ሲደክም ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለህ፣ እንደ በርበሬ። ሌላው የጂፕዋን ባትሪ ተጠቀም፣ ምን ያስወጣሃል አለ። በስተመጨረሻ ቁም ነገሩን የተናገሩት ጉራጌው ባለ ሱቅ አቶ ሽኩር ናቸው።

«ልጄ፣ ሁለት ግዛ» አሉት። «አንዱ የተጎታቹ ይሁን፤ አምፖል አብራበት፣ ራዲዮ ስማበት፣ ግደለው። ሁለተኛውን ጂፑ ላይ ግጠመው፤ እሱን ግን እንዳትነካ። ሚስትህ ምጥ ቢጠናባት ነቀምት ሆስፒታል የሚያደርስህ እሱ ነው።»

ሻጭ «ሁለት ግዛ» ሲል መጠርጠር የአባት ነው። የዚያን ቀን ግን ቶሎሳ አልጠረጠረም፤ ፊቱ ሲለወጥ አየሁት። ሁለት ገዛ።

እኔም ሸራዬን የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል ብዬ አብሬያቸው ሄድኩ። አርጆ ደርሰን ተጎታቹን ከኦቦ ደበላ አጥር ውጭ፣ ከበራቸው ፊት ለፊት አቆምነው። ጫልቱ እናትዋ አንገት ላይ ተጠምጥማ ገባች። እኔም ገባሁ፤ በእኔ ላይ የማለ የለም። ኦቦ ደበላ «አካም ጅርቱ?» ብለው ደኅንነቴን ጠይቀው፣ ጨጨብሳ አስቀርበውልኝ፣ በመስኮት ወደ ሸራው እያዩ «ሳምንት ሳይሞላ ላምባ ሊለምነኝ ይመጣል» አሉ። ጨጨብሳው ቅቤ በቅቤ ስለነበር አልተከራከርኩም።

ላምባ አልለመነም። ግን አንድ ስሕተት ሠራ፤ ራዲዮውን ከፈተ። ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ መጣ። እንግዳን «ሂድ፣ ባትሪ ይጨርሳል» ማለት ደግሞ በወለጋ ምድር አፍ የሚያወጣው ቃል አይደለም። ዜና ሰሙ፣ ዘፈን ሰሙ፣ በማያውቁት ቋንቋ የሚለፈልፈውንም በአክብሮት ሰሙ። ብዙም ሳይቆይ አምፖሉ እንደ ሲጋራ ጫፍ ቀላ፤ ከዚያ ጠፋ። ጂፕዋን አስነሥቶ መሙላት ይችል ነበር፤ ቤንዚኑም ግን ለጫልቱ የተቀመጠ ነው። ጨለማ ውስጥ ተቀመጠ። ኦቦ ደበላ «መኪናው ላይ ሙሉ ባትሪ እያለው በጨለማ የሚቀመጥ ሞኝ ነው ልጄን የወሰዳት!» ብለው ሳቁ።

እናትዬው አዴ ድንቄ ግን አልሳቁም። በማግስቱ የሞተውን ባትሪ በአህያ አስጭነው ወፍጮ ቤት ወሰዱና ከእህል ከረጢቶቹ መካከል ወረፋ አስያዙት። ባትሪ ማስሞላት የሚቻለው በከተማው እዚያ ብቻ ነበር፤ ኦቦ ደበላ ሞተራቸው ላይ በቺንጋ የምትዞር ዲናሞ አስገጥመዋል። ተራው ደረሰ።

«ይህ የማነው?» አሉ ኦቦ ደበላ።

«የእኔ ነው» አሉ አዴ ድንቄ።

ሰውየው ጺማቸውን አሹ። የማሉት በሰው ላይ እንጂ በባትሪ ላይ አይደለም። ሞሉት። ሲመሽ ደግሞ «ሥራዬን ላየው» ብለው ሸራው ድረስ መጡ፤ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ፤ ራዲዮውን በጣታቸው ነካ አደረጉ። ቶሎሳ አጠገባቸው ቆሟል፤ የሚያናግሩት ግን በእኔ በኩል ነው። «ልብስ ሰፊው፣ ለሰውየው ንገረው፤ አሲዱ ጎድሎበታል።» እኔም ክንድ ለማይርቅ ሰው እነግራለሁ። «አሲዱ ጎድሏል ይሉሃል።» ከዚያ በኋላ ሥራቸውን ለማየት ያልመጡበት ቀን የለም።

ጫልቱን ምጥ የያዛት ከቀትር በኋላ ነው። ሴቶቹ ወንድ የተባለውን ከቤት አስወጡን። ካፊያው ይወርዳል፣ የአርጆ ነፋስ ይጋረፋል፤ ኦቦ ደበላ በገዛ ግቢያቸው መጠጊያ አጥተው በዘንጋቸው ጭቃውን ይቆረቁራሉ። ከውስጥ ድምፅዋ በመጣ ቁጥር ዘንጉ ይቆማል። በኋላ ቀጥ ብለው ወደ ቶሎሳ ሄዱ። በእኔ በኩል አልነበረም።

«ያ ጉርባ፣ አንተ ልጅ፣ ጂፑ ይነሣል?»

«ይነሣል፣ አባ» አለ ቶሎሳ። «ባትሪውን አልነካሁትም። ቤንዚኑንም አልነካሁትም። የእሷ ነው።»

ሽማግሌው ዘንጋቸውን ጭቃው ላይ ተከሉ። ያ ሁሉ ጨለማ ምን እንደነበር የገባቸው ያኔ ነው። «ግባ፣ ሶዳ፤ ብርድ ይመታሃል» አሉት። ሶዳ ማለት አማቼ ማለት ነው፤ እንዲህ ብለው ጠርተውት አያውቁም ነበር። ሁለቱ ሸራው ሥር ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ራዲዮውን ማንም ሳይከፍተው፣ ወደ ቤቱ በር ሲያዩ ተውኳቸው። አይኔን እንባ ሞላው፤ ብርዱ ነው ብያለሁ።

ጂፕዋ አላስፈለገችም። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል እልልታው ቀለጠ፤ ሴት ልጅ። ቶሎሳን አዴ ድንቄ በእጃቸው ጎትተው አስገቡት፤ ከሚስቱ አልጋ አጠገብም አነጠፉለት። ኦቦ ደበላም ገብተው የልጅ ልጃቸውን ታቅፈው መርቀው ወጡና ጠየቁኝ።

«የት ሊያድር ነው?»

«ከሚስቱ ጋር፣ ቤት ውስጥ» አልኩ ፈራ ተባ እያልኩ።

«እንግዲያው እኔ እዚህ ነኝ» አሉ ሸራውን እየገለጡ። «ምያለሁ።» ጫማቸውን አወለቁ፣ ጋቢያቸውን ተከናነቡ፣ ራዲዮውን ከፈቱ።

የመመለሻችን ጊዜ ሲደርስ ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው መሐላውን እንፍታ ቢሉ «መሐላ ቀልድ ነው እንዴ!» ብለው ተቆጡ። ስለዚህ ጂፕዋ ወደ ነቀምት ስትመለስ የምትጎትተው ነገር አልነበራትም። ጫልቱ ልጅዋን እያጠባች ስትስቅ መንገዱን ጨረሰችው። ሰዎቹ ዛሬም አልታረቁም። ቶሎሳ በየበዓሉ ሙክቱን ጭኖ ይሄዳል፤ ኦቦ ደበላ መንገድ ድረስ ወጥተው አቅፈው ይቀበሉታል፤ አብረው ሲበሉ ሲጫወቱ ይውላሉ፤ ሲመሽ አማች ወደ ቤት፣ አማት ወደ ሸራ። እንዲህ ያለውን ጠብ ለሁላችንም ይስጠን።