እጅጌያቸውን ያልሰበሰቡ ሁለት አባቶች

አንዳንዱን ነገር አሳስቼ ልናገር እችላለሁ። ሽማግሌዎቹ የመጡት ቅዳሜ ይሁን እሑድ፣ ሦስት ይሁኑ አራት፣ ምዬ መናገር አልችልም። የውሃውን ቅዝቃዜ ግን አልረሳውም፤ በእጅጌዬ ገብቶ እስከ ክርኔ ደርሷላ።

ሰው ከአባቱ ምን እንደ ወረሰ ብትጠይቁት መሬቱን ይነግራችኋል፣ እንሰቱን ይነግራችኋል፣ ቁመቱ ካማረለት እሱንም ይጨምራል። ቆዳውን ግን አያነሣም። እኔም አላነሣሁም። ከአባቴ የወረስኩት፣ ክርንና ጉልበት ላይ ቀልቶ የሚነሣ፣ ነጭ ቅርፊት የሚያራግፍ ነገር ነው። አባቴ «ብርድ ነው» ይል ነበር። የሰፈሩ ሰው ግን ሌላ ስም ስለ ሰጠው፣ ዕድር ላይ ከአባቴ አጠገብ ያለው ወንበር ሁልጊዜ ባዶ ነበር። ያንን ወንበር አይቼ ስላደግሁ በሶዶ ፀሐይ እንኳ ረጅም እጅጌ ነው የምለብሰው። ሰዎች ጨዋ ይሉኛል። ጨዋነቴ ግማሹ ጨርቅ ነው።

ልጄ ማርታ አረካ ከተማ ከሚያስተምር ኤልያስ ከሚባል ወጣት ጋር መስማማቷንና ሽማግሌ ሊልክ መሆኑን ስትነግረኝ፣ ከደስታዬ በፊት ክርኔ አሳከከኝ። ሐኪም ዘንድ ሄድኩ፤ የአገራችን ልጅ ነው።

«አባባ፣ ይህ ሶሪያሲስ ይባላል። በመንካት አይተላለፍም።»

«ለልጄስ?»

«የሚወረሰው ተጋላጭነቱ ነው። የእንሰት ማሳዎን ያስቡ፤ አንድ መሬት፣ አንድ ዝናብ፣ ግን አንዱ ዓይነት ቶሎ ይጠወልጋል፣ ሌላው ይችላል። ሰውም በዘረ መሉ እንደዚያው ይለያያል። ልጅዎ ላይ ሊወጣም ላይወጣም ይችላል። ብቻ እርስዎ አይጨነቁ፤ ጭንቀት ይቀሰቅሰዋል።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ መጨነቄ መጨነቅ ጀመርኩ።

ማርታ «እኔ ለኤልያስ ነግሬዋለሁ፤ ለቤተሰቡ ደግሞ አንተ ትነግራለህ አባዬ» አለችኝ። እሺ አልኩ። እሺ ማለት ቀላል ነው። አባቱ «ከዚያ ቤት አታገባም» ቢሉስ? ከአረካ ወደ ሶዶ ወሬ ከሚኒባስ ይፈጥናል፤ ልጄም እንደ አያቷ ባዶ ወንበር አጠገብ ትቀመጣለች።

ሽማግሌዎቹ መጡ። የኤልያስ አባት አቶ ዳናም አብረው መጡ። አባት መምጣቱ አልተለመደም፤ ሰምተው ሊያጣሩ ነው ብዬ ጠረጠርኩ። እንደ ልማዳችን ጎሳ ተጠየቀ፤ የአንድ ጎሳ ልጆች አይጋቡምና እስከ ቅድመ አያት ድረስ ተቆጠረ። አልገጠመም። ከእኔ በቀር ሁሉም ተነፈሰ። ጎሳ ሲጣራ ክርን የሚጠይቅ የለም። አሁን የመናገር ተራው የእኔ ነበር፤ ማርታም ዓይኗን ከፊቴ አልነቀለችም።

«ምግብ ይቅረብ» አልኩ።

ሥጋው ከሚያቃጥለው ዳጣችን ጋር ቀረበ፤ ማርታም ማስታጠቢያ ይዛ መጣች። እጅ የሚታጠብ ሰው እጅጌውን እንደሚሰበስብ እንዴት ሳላስብ ቀረሁ? ሽማግሌዎቹ ሰበሰቡ። እኔ የጣቶቼን ጫፍ ብቻ ዘረጋሁ። ማርታ፣ ጌታ ይይላት፣ ሆን ብላ ውሃውን ለቀቀችው።

«እጅጌህን ሰብስብ እንጂ አባዬ!» አለች፣ ሁሉ እየሰማ።

 ቀና ስል አቶ ዳና ትክ ብለው ያዩኛል። የእሳቸውም የኮት እጅጌ አልተሰበሰበም። የእሳቸውም ይንጠባጠባል።

«ብርድ ነው?» አሉኝ ቀስ ብለው።

«አባቴ እንደዚያ ይለው ነበር።»

«የእኔም አባት!»

ማን ቀድሞ እጅጌውን እንደ ሰበሰበ እስከ ዛሬ እንከራከራለን። ለካ እሳቸው የመጡት ከሌላ ሰው ሳልሰማ ሊነግሩኝ ነው፤ ከአረካ እስከ ሶዶ ንግግሩን ሲለማመዱ ነው የመጡት። አንዱ ሽማግሌ አራቱን ክርኖች አየና «ጎሳችሁ አንድ አለመሆኑን በደንብ አጣርተናል?» አለ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ፤ ልጆቹም ተጋቡ።

ደስታዬን ለሐኪሙ ልነግረው ሄድኩ። ወዲያው አልሳቀም። «በሁለቱም ወገን ካለ ለልጅ ልጆችዎ ዕድሉ ከፍ ይላል፤ ቢሆንም...» አለ። ከ«ቢሆንም» በኋላ ያለውን አልሰማሁም።

ባለፈው ማክሰኞ አቶ ዳና ደወሉ። ማርታ ሴት ልጅ ወልዳለች፤ ሁለቱም ደኅና ናቸው። ነገሩ ብዙ ጊዜ ካደጉ በኋላ እንደሚመጣ ሁለታችንም እናውቃለን። ቢሆንም ጠየቅሁ።

«ክርኗስ?»

«ገና ሳትታጠብ ነው ያየሁት! እንደ ቅቤ ነው።»

«ጉልበቷስ?»

«እሱን ጠቅልለውታል። ቆይ፣ ላስፈታ...»

መስመሩ ተቋረጠ፤ ከዚያ ወዲህ ብደውልም አይገባም። ዛሬ ሐሙስ ነው። እጅጌዬን ሰብስቤ ስልኩ አጠገብ ተቀምጫለሁ።