ዝናብ የማይፈታው ስፌት

እኛ የደባርቅ ሰዎች ወረቀት ስናከብር እንደብቀዋለን። የመሬት ደብተር ሣጥን ግርጌ ይገባል፤ መታወቂያ በሦስት ፌስታል ይጠቀለላል። ቀበሌ ውስጥ «ወረቀትዎን» ተብሎ ግማሽ ሰዓት ሲፈታ የሚቆይ ሰው ካያችሁ እንዳትስቁበት፤ የእኛው ሰው ነው።

እኔ ኮርቻ ሰፊ ነኝ። ጉራ አይሁንብኝና፣ በሰሜን ተራሮች ከሳንቃ በር እስከ ጨነቅ ከሚመላለሱት በቅሎዎች መካከል የእኔን ስፌት ያልተሸከመች ጥቂት ናት። እኔ በጅማት የሰፋሁትን ዝናብ አይፈታውም። ይህን ስል ደረቴ ትንሽ ይነፋል፤ ቻሉኝ።

ታላቅ እህቴ እታለም ጎንደር ሄዳ የሐሞት ጠጠር አስወጥታ ስትመለስ አንዲት የታጠፈች ካርድ ይዛ መጣች። «ነርሷ ‹ከአንገትዎ እንዳትለይ› ብላኛለች» አለችኝ። በእኛ አገር ከአንገት የማይለይ ነገር ማተብና ክታብ ነው። የእህቴ ገበና ነው ብዬ ሳላነባት፣ ካርዷን በቀይ ቆዳ ከትቼ አራቱንም ጎን ጥብቅ አድርጌ ሰፋሁላት። አቤት ሲያምርባት! ጎረቤቱ ሁሉ «ማን ሰፋልሽ?» አላት።

ከወራት በኋላ ጥርሷን አሟት እዚሁ ክሊኒክ ወሰድኳት። ሐኪሙ ትሁት የዳባት ልጅ ነው።

«እናቴ፣ የማይስማማዎት ነገር አለ?» አላት።

እታለም ደግሞ ሕመሟን ለሰው የምትዘረዝር ሴት አይደለችም። «ተመስገን፣ ምን አለብኝ!» አለችና አንገቷ ላይ ያለውን ቆዳ መታ መታ አደረገችው። መናገሯ ነበር። እሱ ግን ክታቧን የተማጸነች መስሎት በአክብሮት ወደ ጎን አደረገላትና ጓንቱን አጠለቀ።

ባለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል። እስትንፋስም ሊቀር ነበር።

ጣቱን አፏ ውስጥ ከከተተ ብዙም ሳይቆይ ከንፈሯ አበጠ፤ ትንፋሿ ያፏጭ ጀመር። ሐኪሙ የክሊኒኩን ነርስ ትንፋሽ የሚመልስ መርፌ እንድታመጣ እየጮኸ፣ በዚያው ጓንት መንጋጋዋን ደግፎ «ምን ነካቸው? ገና ማደንዘዣ እንኳ አልወጋኋቸው!» ይላል። እታለም መናገር አቅቷት ቆዳውን ወደ እኔ ትዘረጋለች። ያን ጊዜ ገባኝ።

«ውስጡ የሐኪም ወረቀት አለ!» ብዬ ዘልዬ ያዝኩት። እምቢ አለኝ! መቀስ ብሞክር ተንሸራተተ። የሰፋውን እጄን ረገምኩት። በመጨረሻ ጥርስ ልናስነቅል በመጣንበት ክፍል ጅማቱን በገዛ ጥርሴ በጠስኩት።

«የጎማ ጓንት አይንካት» ይላል፤ በትልቁ፣ በቀይ ቀለም።

ሐኪሙ ጓንቱን አውልቆ ወረወረው፤ ነርሷ መርፌውን ጭኗ ላይ ወጋቻት፤ ጎማ የሌለበት ጓንትም ተፈልጎ መጣ። ትንፋሿ ቀስ በቀስ ሲመለስ፣ እኔ ግድግዳ ተደግፌ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ሐኪሙ ላቡን እየጠረገ ቆዳውን አገላበጠውና «ይህን የሰፋው ሰው ግን ማነው?» አለ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ «እኔ ነኝ» ማለት አቃተኝ።

አሁን ካርዷ ጽሑፏን በሚያሳይ ፕላስቲክ ውስጥ ናት። ሦስት ጎኗን በቆዳ ሰፋሁና አራተኛውን ክፍት ተውኩት። እታለም ከነጠላዋ በላይ አድርጋ ደረቷን ነፍታ ትሄዳለች፤ የደብሩን ቄስ ሳይቀር አስነብባለች። ክሊኒኩም አሁን ጓንት ከማጥለቁ በፊት ስለ ጎማ ይጠይቃል። «ማን ሰፋልሽ?» ለሚላት ሰው ግን መልሷ አንድ ነው፤

«ሰፊውን ተወውና አንብበው!»

እውነቷን ነው። እኔም በዕድሜዬ ከሰፋሁት ሁሉ የምኮራው፣ ባልሰፋሁት በዚያ በአራተኛው ጎን ነው።