ለመካፈል ፈቃደኛ ያልሆነው ቁጥር

ችግኝ የሚያጸድቅ መሥሪያ ቤት ሞልቷል፤ ቁጥር ተክሎ የሚያጸድቅ ግን ብርቅ ነው። ሴቻ ላይ የሚገኝ አንድ የተከበረ ጽሕፈት ቤት በ2003 ክረምት «1,000,003 የማንጎ ችግኝ በአርባ ቀበሌዎች እኩል ተተክሏል» ብሎ ሪፖርት ሲያደርግ፣ ቁልቁል የሚያያቸው የዓባያና የጫሞ ሐይቆች እንኳ ትንፍሽ አላሉም።

ትንፍሽ ያለችው አዲሷ ሠራተኛ መቅደስ ናት። የሙከራ ጊዜዋ ሐሙስ ያበቃል። ለገምጋሚው ቡድን የየቀበሌውን ድርሻ በሠንጠረዥ ካቀረበች ቋሚ ትሆናለች፤ ካልሆነ ዲግሪዋን ጠቅልላ ካምባ፣ እናቷ ቤት።

«ጋሼ፣ ለአርባ ሳካፍለው ሦስት ይተርፋል።»

«ሕዝብ ተረባርቦ የተከለው እንዴት ይተርፋል?» አሉ ኃላፊው አቶ ሀብተወልድ። «ለሠላሳ ዘጠኝ ሞክሪ። አንዷን ቀበሌ ከጎረቤቷ እናዋህዳታለን።»

«እምቢ አለ።»

«ለሃምሳስ?»

«አሥር ቀበሌ ከየት እናመጣለን?»

«ለልማት ሲባል ይመሠረታላ!»

መቅደስ ከሁለት ጀምራ እስከ ሺህ አንድ በአንድ ሞከረች። ሺህ ጊዜ ሺህ ሚሊዮን ነውና፣ እስከዚያ ያልተካፈለ ከዚያ ወዲያም አይካፈልም።

«ጋሼ፣ ብቸኛ ቁጥር ነው። ከአንድና ከራሱ በቀር የሚያካፍለው የለም። ወይ ሁሉንም ለአንድ ቀበሌ፣ ወይ ለሚሊዮን ከሦስት ቀበሌ አንዳንድ።»

አቶ ሀብተወልድ ሁለተኛውን ለአፍታ አሰቡበት።

አስቸኳይ ግምገማ ተጠራ። ቁጥሩ ግትር፣ ከሌሎች ጋር ተግባብቶ የማይሠራና ሂስ የማይቀበል መሆኑ በቃለ ጉባኤ ሰፈረ።

«ለመሆኑ ይህን ሦስት ማነው ያመጣው?» ብለው ጠረጴዛውን መቱ ኃላፊው።

«እኔ ነኝ፣ ጌታዬ» አሉ ዘበኛው ጋሽ ኤርጫፎ ከበሩ። «እዚህ በር ጋ ተከልኩ። በቅለዋል። መጥቶ ማየት ይቻላል።»

ሚሊዮኑ የታቀደው ነበር፤ ሦስቱ የተተከሉት። ጸሐፊዋ ሁለቱን በቅንነት ደምራቸዋለች።

«አያችሁ» አሉ አቶ ሀብተወልድ እጅግ አዝነው፣ «ሥራ ሪፖርትን እንዴት እንደሚያበላሽ!»

ሦስቱ እንዲነቀሉ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ሚሊዮኑ ወዲያው ጨዋ ሆነ፤ ለእያንዳንዱ ቀበሌ ሃያ አምስት ሺህ፣ ያለ አንዳች ትርፍ።

ሐሙስ ገምጋሚው ቡድን ሠንጠረዡን አይቶ አጨበጨበ። የመቅደስ ደብዳቤ ፊርማ ብቻ ቀርቶታል። ይኼኔ የቡድኑ መሪ፣ «ለፎቶ ያህል፣ ከሚሊዮኑ አንዱን ብቻ አሳዩን» አሉ።

አቶ ሀብተወልድ መቅደስን አዩ። መቅደስ በር ላይ ያሉትን ሦስት ባዶ ጉድጓዶች አየች። ጋሽ ኤርጫፎ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ሲነቀሉ አሳዘኑኝና በጣሳ አፈር አድርጌ ከጎጆዬ ጀርባ አስቀምጫለሁ። አንዱን ማዋስ ይቻላል። ግን ከሪፖርት ውጭ ነው።»

መቅደስ ችግኙን ታቅፋ ፎቶ ተነሳች፤ ደብዳቤውም ተፈረመ። የሥራ መደቧ «የአንድ ሚሊዮን ችግኞች እንክብካቤ ባለሙያ» ይላል።

በማግሥቱ አንድ ባልዲ ውኃ ይዛ ሥራ ጀመረች። ሚሊዮኑን በሙሉ አጠጥታ ስትጨርስ ባልዲው አንዲት ጠብታ አልጎደለም፤ ሦስቱን ግን እስኪጠግቡ አጠጣቻቸው።