ዞን ስምንት

በየሰፈሩ ሌባ ስለመኖሩ እርግጠኛ አይደለሁም። ሌባን በጉጉት የሚጠባበቅ ሰው ግን በየሰፈሩ አለ። ከሩቅ አገር ዘመድ እንደሚመጣበት ሰው ዓይኑ ከበሩ አይነቀልም፤ ሌባው በቀረ ቁጥርም ቅር የሚለው ይመስላል።

የእኛ ሰፈር ተጠባባቂ ክቡር ጋሽ ሳይረን ናቸው። ስሙን ያወጣንላቸው እኛ ብንሆንም እሳቸው እንደ ማዕረግ ተቀብለውታል። ዕድሜያቸውን በስልክ ቴክኒሻንነት ጨርሰው ጡረታ በወጡ ማግስት ቤታቸውን ሽቦ በሽቦ አደረጉት። ከቤቱ ምን እንደሚሰረቅ የሚያውቅ የለም። አንድ ሶፋ አለ፤ እሱን የሚወስድ ሌባ አራት ሆኖ መምጣት አለበት፣ ካወጣውም በኋላ ይጸጸታል።

አሠራሩን ሳልወድ በግድ ተምሬዋለሁ። በየበሩና በየመስኮቱ ጥንድ ጥንድ ማግኔት አለ፤ ሲከፈት ይለያዩና ያሳብቃሉ። በየክፍሉ ጥግ የሰው ገላ ሙቀት ሲንቀሳቀስ የሚያይ ዓይን ተሰቅሏል። ሁሉም ወሬያቸውን የሚያደርሱት ቁም ሳጥን ውስጥ ለተቀመጠችው ዋና ሳጥን ነው፤ እሷ ደግሞ ጣሪያ ላይ ያለውን ሳይረን ታስጮኸዋለች። መብራት ቢጠፋ ባትሪ አላት። ቤቱ በሰባት ዞን ተከፍሏል። "ዞን አንድ የፊት በር፣ ዞን ሁለት ሳሎን..." እያሉ ሲያስጎበኙ ክፍለ ሀገር የሚያስተዳድሩ ይመስላሉ። ማብቂያው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ "ሲስተሙ አይዋሽም!"

ሲስተሙ ሲይዝ ያየነው ሌባ ግን ራሳቸውን ጋሽ ሳይረንን ብቻ ነው። ሲወጡ ኮድ ያስገባሉ፤ ከዚያ በሩን ዘግተው እስኪሄዱ ግማሽ ደቂቃ ይታገሳቸዋል። ለሌላ ሰው ይበቃ ነበር። እሳቸው በሩ ጋ ሲደርሱ መነጽራቸው ትዝ ይላቸዋል፤ ለመነጽሩ ሲመለሱ ባርኔጣው፣ ባርኔጣውን ሲያነሱ ስልኩ። ከዚያ ሰፈሩ ይደበላለቃል። ፊት ለፊት ያለችው ልብስ ሰፊ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል፣ "ዛሬ ደግሞ ምናቸውን ረሱ?" ትላለች።

መፍትሔም አላጡለትም። አንድ ቀን መንገድ ላይ አስቁመውኝ ግራ ቀኝ አዩና አፋቸውን ጆሮዬ ላይ ደቀኑ። "እኔ በሌለሁበት ከጮኸ ገብተህ ዝጋው። ቁልፉ አበባው ሥር ነው። ኮዱ ይኸውልህ፤ ለማንም እንዳትነግር!" ይህን ከባድ ምስጢር ለልብስ ሰፊዋም፣ ለጸጉር አስተካካዩም፣ ለዳቦ ጋጋሪውም በየተራ አደራ ብለዋል።

በግድግዳ የምትዋሰናቸው አክስቴ ናት። ብቻዋን ነው የምትኖረው። እኛ ጋ ነይ ብለን ብንለምናት፣ "እግሬም አፌም ገና ይሠራል፤ እንደ ሕፃን ልትጠብቁኝ ነው?" ብላ ዘጋችን። እውነቱን ለመናገር፣ ስልክ ደውዬ ሳታነሳ በቀረች ቁጥር ደጋግሜ እደውላለሁ። ወድቃ የሚያነሳት ብታጣስ?

ጋሽ ሳይረን ለእሷም አልተኙላትም፤ ኩሽናዋ በር ላይ አንድ ዓይን ሰቀሉ።

"ምንድነው ይሄ?"

"ለሌባ ነው፣ እትዬ።"

"ሌባ ድስቴን ምን ያደርገዋል? አንተ ሰውዬ፣ አሁንስ አበዛኸው!"

ሆኖም የግድግዳውን ስንጥቅ ስለሸፈነላት ይሁን ብላ ተወችው።

በመጨረሻ ሰፈሩ መረረው። ልብስ ሰፊዋ ሱቅ ተሰብስበን ሳይረኑ ይውረድ ብለን ወሰንን። "አንተን ይወዱሃል" ተባለና ነገሩ እኔ ጫንቃ ላይ ወደቀ። ቅዳሜ ረፋድ ላይ የሚያለሳልስ ቃል እያሰላሰልኩ ሄጄ በራቸውን ላንኳኳ እጄን ሳነሳ ሳይረኑ አምባረቀ። የሚከፍት ሲጠፋ ቁልፉን ከአበባው ሥር አውጥቼ ገባሁ። ኮዱን ልጫን ስል ከቁጥሮቹ በላይ ያለችው ጽሑፍ የሚወጣባት ትንሽ መስኮት "ዞን ስምንት" ትላለች።

እኔ የማውቀው ሰባት ነው።

ጋሽ ሳይረን ግማሽ ፊታቸው ተላጭቶ፣ ግማሹ አረፋ እንደሆነ ከመታጠቢያ ቤት ወጡ። "አክስትህ!" ብለው አልፈውኝ ሮጡ።

የአክስቴ በር ከውስጥ ተቆልፏል። ብንጠራም መልስ የለም። ዕድሜ ልካቸውን በር እንዳይሰበር ሲለፉ የኖሩት ሰው ትከሻቸውን ሰጥተው የሰው በር ገነጠሉ። መታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ዳሌዋን ይዛ ወድቃለች፤ ስትጣራ ብዙ ቆይታ ድምጿ ተዘግቷል። እኛን ስታይ በሹክሹክታ፣ "በሩንስ ማን ሊሠራው ነው?" አለች። ከሳቅ ጋር እንባዬ መጣ።

ሳይረኑን ማን እንደዘጋው እስካሁን አይታወቅም። ኮዱን የማያውቅ የለማ።

ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ቁጭ ብለን ጋሽ ሳይረን ተናዘዙ። የአክስቴን ዓይን ከራሳቸው ሳጥን ጋር አገናኝተው አሠራሩን በተቃራኒው አዙረውት ኖሯል። ሰው ሲያልፍ ዝም ይላል፤ እስከ ረፋድ ሰው ሳያልፍ ሲቀር ነው የሚጮኸው።

"ለምን አልነገሩኝም?"

"ብነግርህ ትነግራታለህ። ብትነግራት ትነቅለዋለች።"

ኮዱን ለሰፈር ያደረሱት ሰው ይህቺን አንዲት ምስጢር ብቻ ጠብቀዋታል።

አክስቴ ድና ቤቷ ገብታለች። ጠዋት ጠዋት ከዘራዋን ወደ ዓይኑ ቀስራ፣ "ተነስቻለሁ፣ አንተ ሰውዬ!" ትላለች። የተሠራው በሯ ላይ ማግኔት መኖሩን መናገር አያስፈልግም።

ከሆስፒታል በወጣች ሰሞን እንኳን ማረሽ ልንላት ሰፈሩ በተሰበሰበበት ቀን ጋሽ ሳይረን ድንገት ዞር አሉብኝ። "ለመሆኑ ያን ቅዳሜ ምን ፈልገህ ነበር የመጣኸው?"

ዳቦ ጋጋሪው ጣሪያውን ማየት ጀመረ። ልብስ ሰፊዋ ቀሚሷ ላይ ክር አገኘች።

"ኮዱ ጠፍቶብኝ ልጠይቅዎት ነበር" አልኩ።

ግራ ቀኝ አዩ። ከዚያ ጆሮዬ ላይ ጎንበስ ብለው፣ "ሁለት... ዘጠኝ... አራት..." አሉና መጨረሻው ጠፋባቸው።

"ሰባት!" አለች አክስቴ ከአልጋዋ። "ለማንም እንዳትነግር።"